ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እና የፊኛ ጥገና መመዘኛ

የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሥራውን ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚመዝነው በጠረጴዛው ላይ ባየው ነገር ነው። የተቀደደው አካል ተሰፍቶ፣ ደሙ ቆሞ፣ ስፌቱ ውሃ የማያሳልፍ መሆኑን ሲያረጋግጥ ጓንቱን አውልቆ ይወጣል። ታካሚዋ ግን የምትመዝንበት ሚዛን ሌላ ነው። ወደ ቀየዋ ተመልሳ፣ እንስራ አዝላ ዳገት ወጥታ፣ በማኅበርና በለቅሶ ከሰው መካከል ተቀምጣ፣ ስትነሳ የተቀመጠችበት ስፍራ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ያን ጊዜ ድኛለሁ ትላለች። በእነዚህ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ርቀት በሙያችን ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት፣ ነገር ግን የብዙ ሴቶችን ዕድል የሚወስን ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያን ርቀት ለማጥበብ ከዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ በአገራችን ስላሳለፉት ሐኪም፣ ስለ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ይናገራል። ስማቸው ለማኅበራችን አባሎች አዲስ አይደለም። ሆኖም ስለ እርሳቸው በተነሳ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ርኅራኄያቸው ነው። ርኅራኄያቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከርኅራኄው ጋር አብሮ የነበረው የሙያ ጥንቃቄ፣ ይኸውም የታከመችውን ሴት ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም የመከታተል ልማድ፣ እምብዛም አይነገርም። ዛሬ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በሌሎችም የአዊ ዞን ወረዳዎች ተሰማርተን ለምንገኝ ባልደረቦች ይበልጥ የሚጠቅመን ይኸኛው ነው።

ከሲድኒ እስከ አዲስ አበባ

ሬጂናልድ ሐምሊን የተወለዱት በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) በኒውዚላንድ ነው። በማኅፀንና ጽንስ ሕክምና ከሠለጠኑ በኋላ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ በነበረው በክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና የበላይ ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ሆስፒታል ሳሉ ትኩረታቸውን የሳበው ነፍሰ ጡሮችን በድንገት በሚጥል ሕመም የሚገድለው ኤክላምፕሲያ ነበር። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ሕመሙ ከመጣ በኋላ እንዴት እንደሚታከም ሲጨነቁ፣ ሐምሊን ግን ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ጊዜ መመርመር ያዙ። ነፍሰ ጡሮቹ በተወሰነ ጊዜ እንዲመዘኑ፣ የደም ግፊታቸው እንዲለካ፣ አመጋገባቸው እንዲጠየቅ፣ ምልክት የታየባቸውም ሳይውል ሳያድር እንዲታዩ አደረጉ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ስለ አመጋገብ የሰጡት አስተያየት በኋለኞቹ ዓመታት ያከራከረ ቢሆንም፣ የሥራ ጠባያቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቋል። ነገሩን በግምት የሚተዉ ሰው አልነበሩም፤ ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይከታተላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1950 በዚያው ሆስፒታል ትሠራ የነበረችውን ሐኪም ካትሪን ኒኮልሰንን አገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባልና ሚስቱ በላንሴት የወጣ አንድ ማስታወቂያ ተመለከቱ። አዲስ አበባ በሚገኘው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለግ ነበር። በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1959) የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው፣ ለሦስት ዓመት ተዋውለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሦስቱ ዓመት ካለቀ በኋላም አልሄዱም።

የሩቅ አገር ተሳላሚዎች

ዶክተር ሐምሊን ወደዚህ አገር የመጡት አዋላጆችን ለማስተማር ቢሆንም፣ ደጃፋቸውን ያጨናነቁት ከዚያ በፊት በአገራቸው አይተዋቸው የማያውቁ ታካሚዎች ነበሩ። ምጥ ለሦስትና ለአራት ቀን ሲጠና የሕፃኑ ራስ ፊኛውን ከእናቲቱ የፊት ዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የተነፈገው ሥጋ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንት ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይፈሳል። ይህ ፊስቱላ በምዕራቡ ዓለም በሠለጠነ የማዋለድ አገልግሎት ምክንያት ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ሴቶቹ የሚመጡት ከየክፍለ ሀገሩ ነበር። አንዳንዶቹ በእግራቸው ቀናት ተጉዘው አውቶቡስ ከሚገኝበት ከተማ ከደረሱ በኋላ፣ በጠረናቸው ምክንያት ከመኪና እንዲወርዱ ይደረግ ነበር። ዶክተር ሐምሊን እነዚህን ሴቶች የፊስቱላ ተሳላሚዎች ብለው ይጠሯቸው እንደነበር ይታወቃል። ስያሜው ለእኛ አገር ሰው ትርጉም አለው። ተሳላሚ ማለት መንገዱ ምንም ቢረዝም ከሚፈልገው ስፍራ ሳይደርስ የማይመለስ ነውና። ከጎጃም ለምትነሳ ሴት ያ መንገድ ከዳንግላ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፎ የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጉዞ ነበር።

ባልና ሚስቱ ስለዚህ ጥገና አስቀድሞ የተጻፈውን ሁሉ ማጥናት ነበረባቸው። በተለይም በካይሮ ብዙ ፊስቱላ በመጠገን የታወቁት የግብፁ ሐኪም ናጊብ ማህፉዝ የጻፉትን መመሪያ አደረጉ። ሥራው እየበዛ ሲሄድም በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለታካሚዎቹ ማረፊያ የሚሆን ትንሽ ቤት ሠሩ።

ከቀዳዳው ባሻገር

እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክተር ሐምሊንና ባለቤታቸው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ 600 ፊስቱላዎች ጥገና ነው። ነገር ግን በዚያ ብቻ አይወሰንም፤ ከጥገናው በኋላ ያረገዙ ሴቶች ስላሳለፏቸው 80 ምጦችም ይተርካል። የዚህን ነገር ክብደት ልብ እንበል። የ600 ጥገና ቁጥር ብቻውን ለማንኛውም ሐኪም በቂ ምስክር ይሆን ነበር። እርሳቸው ግን ጥያቄውን ወደፊት ገፉት። የተጠገነችው ሴት በኋላ ምን ሆነች? እንደገና ስታረግዝ ጥገናው ይጸናል ወይ? ዛሬ ፊስቱላ የተጠገነላት ሴት ቀጣይ ልጇን በሆስፒታል፣ በአብዛኛውም በቀዶ ሕክምና ትውለድ የምንለው ምክር መሠረቱ እንዲህ ያለው ክትትል ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተሙት ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ጉዳት የሚመለከት ነበር። በአንዳንድ ሴቶች ላይ የጠፋው የፊኛው ግድግዳ ብቻ ሳይሆን የሽንት መውጫው ቱቦ ጭምር ነው። ባልና ሚስቱ ቱቦውን ከቀረው ሥጋ እንደገና ሠርተው፣ ግራሲሊስ የተባለውን የውስጥ ጭን ጡንቻ ከሥሩ ሳይለዩ አዙረው በማምጣት ይደግፉት ነበር። ጡንቻው ለአዲሱ ቱቦ ደም ያመጣለታል፤ ከሥርም ያቅፈዋል።

የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ከሥጋ የተሠራ ቱቦ ቱቦ እንጂ ሽንት የሚይዝ በር አይደለም። ተፈጥሮ በዚያ ስፍራ ያኖረችው የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ ከነነርቩ ከጠፋ፣ ሐኪሙ ቀዳዳውን ምንም ያህል አሳምሮ ቢዘጋው ሴቲቱ ቆማ ስትራመድ ሽንቷ በተፈጥሮው መንገድ ሊያመልጣት ይችላል። ፊኛውም ግማሹ ሞቶ ከወደቀ የሚይዘው መጠን ያንሳል። ጤነኛ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሲይዝ፣ በምጥ የተጎዳው 100 ሚሊ ሊትር እንኳ ላይዝ ይችላል። ጠባሳው ግድግዳውን ያደድረዋል፤ ያለፈቃድም የሚኮማተር ፊኛ አለ። በኋለኞቹ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የታተሙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ቀዳዳቸው በሚገባ ከተዘጋላቸው ሴቶች መካከል ከስድስቱ አንዷ፣ በአንዳንዱም ስፍራ ከሦስቱ አንዷ፣ ሽንት መቆጣጠር ይሳናታል። በሆስፒታሉ መዝገብ ድናለች ተብላ ተጽፋለች፤ በቤቷ ግን እንደ በፊቱ ጨርቅ ታጥባለች።

የፊኛው ሥራ እንዴት ይመዘናል

ለዚህ ነው ከጥገና በኋላ የሚደረገው ምርመራ ከጥገናው ራሱ የማይለይ የሥራው ክፍል የሆነው። ምርመራው የሚጀምረው በጠረጴዛው ላይ ነው። ስፌቱ ሲያልቅ በካቴተር በኩል ሜቲሊን ብሉ የተቀላቀለበት ውሃ ወደ ፊኛው ይገባል፤ ሰማያዊው ቀለም ካልታየ ስፌቱ ይዟል ማለት ነው። ቀጥሎ ካቴተሩ በቦታው ሆኖ ፊኛው ያርፋል። ለብዙ ዘመን የተለመደው 14 ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት የታተመና ኢትዮጵያን ጨምሮ በስምንት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ላልተወሳሰበ ፊስቱላ 7 ቀን ከ14 ቀን ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ቀኑ ቢያጥርም ጥንቃቄው አልቀለለም። ካቴተሩ ለአንድ ሌሊት ከተዘጋ የሞላው ፊኛ አዲሱን ስፌት ሊበጥሰው ይችላል። ስለዚህ ታካሚዋ ብዙ ውሃ ትጠጣለች፣ ቱቦው ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል፣ አልጋውም ደረቅ መሆኑ በየሰዓቱ ይታያል።

ካቴተሩ ከወጣ በኋላ እርጥበት ቢታይ ጥገናው ፈርሷል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። እርጥበቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚበቃው ሦስት የጋዝ ጥቅል፣ ቀለምና ትዕግሥት ነው። ጥቅሎቹ በብልት ውስጥ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተቀምጠው ፊኛው በቀለም ይሞላል፤ ሴቲቱም ጥቂት ትራመዳለች። መካከለኛው ሰማያዊ ከሆነ ፊኛው ላይ ቀዳዳ ቀርቷል። የታችኛው ብቻ ከቀለመ ሽንቱ ያመለጠው በመውጫው በኩል ነው። የላይኛው ርሶ ቀለም ከሌለው ግን ጉዳቱ ከኩላሊት በሚወርደው ቱቦ ላይ ነው። ሦስቱም ሕክምናቸው ለየቅል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ፊኛው ባዶ ይሆናል ወይ የሚል ነው። ሴቲቱ ሸንታ እንደጨረሰች በካቴተር የቀረው ይለካል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረ ፊኛው ራሱን አያወጣም፤ ሞልቶ የሚፈስሰውም ሽንት እንደ ፈረሰ ጥገና መስሎ ሐኪሙን ያታልላል። እንዲህ ያለችው ሴት የሚያስፈልጋት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ፊኛዋ እስኪያገግም ድረስ በየጊዜው በካቴተር ማውጣትና መታገሥ ነው።

ሦስተኛው የያዘው መጠንና ግፊቱ ነው። በትላልቅ ሆስፒታሎች ይህን የሚለካ ዩሮዳይናሚክስ የተባለ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በሌለበትም ግን ሐኪሙ እጁ ባዶ አይደለም። መግፊያው የወጣ ሲሪንጅ ከካቴተር ጋር ተገጥሞ ቀጥ ብሎ ሲያዝ፣ ውሃው በ50 በ50 ሚሊ ሊትር እየተጨመረ፣ ሴቲቱ ሽንት መጣብኝ የምትልበት መጠን ይመዘገባል። ውሃው በሲሪንጁ ውስጥ ድንገት ሽቅብ ከወጣ ፊኛው ያለፈቃድ ተኮማትሯል። ቀስ እያለ ያለማቋረጥ ከፍ ካለ ግድግዳው ደድሯል፤ እንዲህ ያለው ፊኛ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ኩላሊቶቿ በአልትራሳውንድ መታየት አለባቸው። በመጨረሻም ፊኛው እንደሞላ ሴቲቱ ቆማ እንድታስል ይደረጋል። በአልጋ ላይ ደረቅ የሆነች ሁሉ በእግሯ ስትቆም ደረቅ ላትሆን ትችላለችና።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ኑሮ ማሰብ ይገባል። የእንጅባራ ደጋ ነዋሪ የሆነች ሴት ቀኗን የምታሳልፈው ተኝታ አይደለም። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ድንች ትቆፍራለች፣ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች። ምርመራው ይህን ኑሮዋን የማይመስል ከሆነ ስለ እርሷ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ጥያቄውም በሚገባት ቋንቋ መቅረብ አለበት። በአገውኛ ብቻ የምትናገርን ሴት በአማርኛ ደርቀሻል ወይ ብሎ መጠየቅና አንገቷን ስትነቀንቅ አዎን ብላለች ብሎ መጻፍ ምርመራ አይባልም። በሴት ባልደረባ፣ በቋንቋዋ፣ በስንት ጊዜ እንደምትሸና፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነሳ፣ ጨርቅ ታደርግ እንደሆነ ስትጠየቅ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ታካሚዎቹ ያስተማሩት ሆስፒታል

ይህን የመጨረሻውን ነገር ዶክተር ሐምሊን ከማንም ቀድመው ተረድተውት ነበር ለማለት ይቻላል። ታካሚዎች ከዳኑ በኋላ ወደ ቤታቸው የማይመለሱትን ወይም ለመቆየት የሚፈልጉትን በረዳትነት እየቀጠሩ ሌሎችን እንዲያስታምሙ አደረጉ። እነዚህ ሴቶች የተዘጋ ካቴተርን ለመለየት መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም፤ አዲስ የመጣችውን ሴት ዓይን አይተው ማፈሯን ያውቃሉ፣ አልጋዋን በእጃቸው ዳስሰው እርጥበቱን ያገኛሉ።

ከእነርሱም መካከል ማሚቱ ጋሼ ገና በወጣትነቷ በፊስቱላ ተጎድታ ወደ ሆስፒታሉ የመጣች ነበረች። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ዶክተር ሐምሊን በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ መሣሪያ እንድትይዝ፣ ቀጥሎም እንድትሰፋ አደረጓት። በእርሳቸው እጅ ሠልጥና የተዋጣላት የፊስቱላ ጠጋኝ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን የሚገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያውን ለሐምሊኖችና ለእርሷ በአንድነት ሸለመ። በዚህ ሽልማት ውስጥ የመምህሩ ክብር ይታያል፤ ዕውቀቱን ለዲግሪ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን ሕመሙን ለምታውቀው ሴት አካፍሏልና።

በ1967 ዓ.ም. ግንቦት ወር (እ.ኤ.አ. በ1975) በወንዝ ዳር የተሠራው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። አገሪቱ በታላቅ ለውጥ ውስጥ የነበረችበት፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው የሄዱበት ጊዜ ነበር። ሐምሊኖች ግን ቀሩ። በዚያ ሆስፒታል የዳነች ሴት ስትሰናበት አዲስ ቀሚስ ይሰጣት ነበር። አሮጌው ልብስ ከነጠረኑ ይቀራል፤ አዲሱን ለብሳ ወደ አገሯ ትገባለች። ይህ ልማድ ከደግነት በላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቀሚሱ በመንገድ ላይ ከራሰ ሆስፒታሉ የሰጠው ተስፋም አብሮ ይርሳል። ስለዚህ ቀሚሱን ከመስጠት በፊት በእርግጥ ደርቃለች ወይ ብሎ መመርመር የሰጪው ግዴታ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1985 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993) ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሥራውን ቀጥለው እስከ 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኖሩ፤ በ96 ዓመታቸውም ዐረፉ። በጥገና ብቻ ሊድኑ ላልቻሉና የዘለቄታ ክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ሴቶች ደስታ መንደር ተመሠረተ። ዶክተር ሐምሊን መጀመሪያ ለመጡበት ጉዳይ፣ ለአዋላጆች ትምህርት፣ በስማቸው የሚጠራው የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በባሕር ዳር ሥራ ጀመረ። ለአዊ ሴት የተሳላሚነቱ መንገድ አጠረ። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከእንጅባራም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይን በረሃ መሻገር ቀረ። ነገር ግን መንገዱ በማጠሩ ኃላፊነቱ ወደ እኛ መቅረቡን መዘንጋት አይገባም። ጥገናው በባሕር ዳር ይደረጋል፤ ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ ሴቲቱ የምትገኘው ግን በእኛ ወረዳ ነው። ቆማ ስታስል ሽንት የሚያመልጣት፣ ፊኛዋ ባዶ የማይሆን፣ ኩላሊቷ በዝምታ የሚጎዳ ሴት ብትኖር ቀድሞ ሊያገኛት የሚችለው የጤና ጣቢያው አዋላጅ ወይም የወረዳው ሆስፒታል ባልደረባ ነው።

እርሷ ግን ራሷ ላትመጣ ትችላለች። አንድ ጊዜ ታክማ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጎረቤት እልል ብሎ ከተቀበላት በኋላ ዳግመኛ ረጥቤአለሁ ማለት ከመጀመሪያው የባሰ ሐፍረት ነው። የቀረላትን ሕመም እንደ ዕጣ ፈንታዋ ተቀብላ ዝም ትላለች። ሕክምና እያለ፣ ጡንቻን የማጠንከሪያ ልምምድ፣ የፊኛን መኮማተር የሚያበርድ መድኃኒት፣ እንደ ሁኔታውም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እያለ፣ ባለመጠየቋ ብቻ ሳትረዳ ትቀራለች። ስለሆነም መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ለክትባት ልጅ ይዛ ብትመጣ፣ ለሌላ ሕመም ብትታይ፣ ፊስቱላ ተጠግኖላት እንደሆነ ካርዷን ያየ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ስለ ሽንቷ ይጠይቃት፤ የሚለካ ዕቃና አንድ ካቴተር ካለ የቀረውን ይለካ፤ የሚያጠራጥር ነገር ቢያገኝ ከደብዳቤ ጋር ወደ ማዕከሉ ይላካት።

ዶክተር ሐምሊን በሲድኒ ነፍሰ ጡሮችን ሲመዝኑ፣ በአዲስ አበባም ከ600 ጥገና በኋላ 80ዎቹን ምጦች ሲመዘግቡ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። የሐኪም ሥራ የሚያበቃው ስፌቱ ሲያልቅ አይደለም። ለስማቸው ሐውልት ማቆም ለሌሎች ይቆየን፤ ከእኛ ከባልደረቦቻቸው የሚጠበቀው መታሰቢያ ግን ከባሕር ዳር የተመለሰችን አንዲት የአዊ ሴት ዝም ብላ እንዳትቀር በቋንቋዋ መጠየቅና መልሷን እስከ መጨረሻው መስማት ነው።